ከአሻራ ወደ ፊርማ

ዛሬ የምናወጋችሁ በኮዬ ፈጬ ስለሚሰጥ የማታ ትምህርት ነው።

ኮዬ ፈጬ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ይገኛል። ቂሊንጦና ቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶቹ ናቸው። አፈሩ ጥቁር ነው። በክረምት እግር ይይዛል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። በጥቁር አፈር ላይ ያረሳችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። በዚህ አፈር ላይ ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ይዘራ ነበር። አሁን የቆመበት ኮንዶሚኒየም ነው። የቤቶቹ ዕጣ የወጣው በየካቲት 2011 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሰሞን የመሬቱ ጉዳይ ብዙ አከራክሯል፤ በኦሮሚያ ከተሞችም ሰልፍ ተወጥቶበታል።

እንግዲህ በአንድ ሰፈር ሁለት ዓይነት ሰው ተገናኘ ማለት ነው። አንዱ በአካባቢው ያርስ የነበረ ነው። ሌላው ዕጣ ደርሶት ወይም ቤት ተከራይቶ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ከሁለቱም ወገን ፊደል ያልቆጠረ አለ።

እኛ አስተማሪዎቹ የዚሁ ሰፈር ሰዎች ነን። ከመካከላችን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። አንዲት ባለ ሱቅ አለች። ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ አለ። ደመወዝ አንቀበልም። በሳምንት ሦስት ማታ በሕንፃዎቹ መካከል ባለው የጋራ ቤት እንሰበሰባለን። ሰዎች ኮሙናል የሚሉት ነው። ቀን ልብስ ይታጠብበታል፤ እንጀራም ይጋገርበታል። ማታ ወንበር ይደረደርና ክፍል ይሆናል። የምጣዱ ጭስ ግን አይወጣም፤ ተማሪው ሁሉ በርበሬ በርበሬ እየሸተተ ወደ ቤቱ ይገባል።

ተማሪዎቻችን የጥበቃ ሠራተኞች፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴቶች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ልጆቻቸውን ተከትለው ከገጠር የመጡ እናቶች ናቸው። አብዛኞቹ ከእኛ በዕድሜ ይበልጣሉ። ስለዚህ ተማሪውን «አንተ» ብለን አንጠራም። አባባ እንላለን፣ እማማ እንላለን። ኦሮምኛ ተናጋሪውን ኦቦ፣ ሴቷን አዴ እንላለን። እነሱ ደግሞ እኛን «ልጄ» ይሉናል። ክፍሉ ውስጥ አስተማሪው ልጅ ነው፤ ተማሪው አባት ነው። ይህ ሥራውን ከባድ አያደርገውም። እንዲያውም ያቀለዋል።

«ይቺ ምን ትላለች?»

ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ደብተርና እርሳስ ይዞ ነው። አዋቂ ሲመጣ ወረቀት ይዞ ነው። ከኪሱ ያወጣዋል፤ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ታወጣዋለች።

«ልጄ፣ ይቺ ምን ትላለች?»

አንዱ ወረቀት የመብራት ሒሳብ ነው። አንዱ ከጤና ጣቢያ የተሰጠ የመድኃኒት ማዘዣ ነው። አንዱ ከልጅ ትምህርት ቤት የመጣ ጥሪ ነው። አንዱ የቤት ኪራይ ውል ነው። አንዳንዱ ደግሞ ወረቀት ሳይሆን ስልክ ነው። «ይህን ያህል ብር ደርሶዎታል» የሚል መልእክት ገብቶበታል። እውነት ይሁን የሌባ ማታለያ ባለቤቱ አያውቅም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክ ተለምዷል፤ ማንበብ የማይችል ሰው ግን የምሥጢር ቁጥሩን ለሌላ ሰው ለመናገር ይገደዳል። የምሥጢር ቁጥር ለሌላ ሰው ከተነገረ ምኑን ምሥጢር ሆነ?

ትምህርታችን የሚጀምረው ከዚህ ወረቀትና ከዚህ ስልክ ነው። በመጀመሪያ የምናስተምረው ቁጥር ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የኮዬ ፈጬ ሕንፃዎች እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። አንዱን ከሌላው የሚለየው ግድግዳው ላይ የተጻፈው የብሎክ ቁጥር ነው። ቁጥር የማያነብ ሰው ቤቱን የሚያውቀው በተሰጣ ልብስ ወይም በደጃፍ በቆመ ጋሪ ነው። ልብሱ ተሰብስቦ ጋሪው ሲሄድ ይጠፋበታል። አንዲት እናት የልጃቸውን ቤት ፍለጋ ከቀትር እስከ ማታ ሲዞሩ መዋላቸውን ነግረውናል። አሁን ቁጥሩን ከሩቅ ያነቡታል።

አውቶቡስም እንዲሁ ነው። የሚኒባስ ረዳት «ቃሊቲ፣ ቃሊቲ!» እያለ ስለሚጮህ ማንበብ ግድ አይልም። አውቶቡስ ግን አይጮህም፤ ግንባሩ ላይ ተጽፎበት ዝም ብሎ ይመጣል።

አንድ ቃል፣ ሃያ ስምንት ፊደል

የቄስ ትምህርት ቤት ያየ ሰው ፊደል ከሀ ጀምሮ በዜማ ሲቆጠር ያውቃል። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በሰባት ሰባት ብታባዙት 231 ይሆናል። ልጅ ይህን ሁሉ በቃሉ ለመያዝ ጊዜ አለው። ሲሚንቶ ሲያቦካ የዋለ ሰው ግን በመጀመሪያው ማታ አንድ የሚያውቀውን ነገር አንብቦ መሄድ ይፈልጋል። አንብቦ ካልሄደ ነገ አይመጣም።

ስለዚህ በሰሌዳው ላይ አንድ ቃል እንጽፋለን።

ብሎኬት።

ያን ጊዜ ሁሉም ይስቃል። «ደግሞ እዚህም ብሎኬት?» ይላሉ። ከዚያ ወሬው ይነሳል። ብሎኬት ዛሬ ስንት ይሸጣል? አራተኛ ፎቅ ድረስ ለመሸከም ስንት ይከፈላል? ሲሚንቶው ያነሰበት ብሎኬት በምን ይታወቃል? በዚህ ጊዜ አስተማሪው ዝም ብሎ ይሰማል። ስለ ብሎኬት የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ወሬው ሲበርድ ቃሉን እንከፍለዋለን። ብ – ሎ – ኬ – ት። አራት ፊደል ሆነ። እያንዳንዱ ፊደል ቤተ ዘመድ አለው፤

በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ
ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ
ከ ኩ ኪ ካ ኬ ክ ኮ
ተ ቱ ቲ ታ ቴ ት ቶ

4 ጊዜ 7፣ 28 ነው። ከአንድ ቃል 28 ፊደል ተገኘ። አሁን ተማሪው ራሱ ፊደል እያጋጠመ ቃል ይሠራል። ቤት። ልብ። ኪሎ። ኮት። ሌሊት። ከብት። ክትባት። አንድ ማታ አንድ ሽማግሌ ጠመኔውን ተቀብለው ረዘም ላለ ጊዜ ሰሌዳውን ሲያዩ ቆዩና «ቦታ» ብለው ጻፉ። ከሥሩ «ባለቤት» ብለው ጨመሩ። ማንም አልረዳቸውም።

እናንተም ይህን ጽሑፍ ስታነቡ ቆም በሉና ከነዚህ 28 ፊደሎች ሌላ ቃል ሥሩ። ብዙ ታገኛላችሁ።

ይህን ዘዴ የፈጠርነው እኛ አይደለንም። ብራዚል በምትባል የደቡብ አሜሪካ አገር ጳውሎ ፍሬሬ የሚባል መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 አንጂኮስ በተባለች ትንሽ ከተማ 300 ያህል ሠርቶ አደሮችን በ40 ሰዓት ትምህርት ማንበብ ለማስጀመር ተነሣ። ፊደሉን ያስተማራቸው ከራሳቸው ኑሮ በወጡ ቃላት ነበር። በዚህ ዘዴ ከሚታወቁት ቃላት አንዱ «ቲዦሎ» ነው። በአገራቸው ቋንቋ ጡብ ማለት ነው። እነሱም ቲ – ዦ – ሎ እያሉ ይከፍሉታል። በነዚያ ዓመታት በብራዚል ማንበብ የማይችል ሰው ድምፅ መስጠት አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ ማንበብ ማስተማር ለአንዳንዶች አስፈሪ ነገር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1964 ወታደሮች መንግሥቱን ገለበጡ፤ ትምህርቱ ተዘጋ፤ መምህሩም ታሰረና በኋላ ከአገር ተሰደደ። ጡብና ብሎኬት ወንድማማቾች ናቸው፤ የኛ ተማሪዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ በጣም ደስ ይላቸዋል።

ፊደላችን በአብዛኛው እንደሚነገር ይጻፋል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛው በድምፅ አንድ፣ በመልክ ልዩ ልዩ የሆኑት ፊደሎች ናቸው፤ እነ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ እነ ሰና ሠ፤ እነ አና ዐ፤ እነ ጸና ፀ። ለጀማሪ አንዱ ይበቃዋል፤ ሌላውን ሲያነብ ይለምደዋል። ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። «ገና አልመጣም» እና «የገና በዓል» ሲጻፉ ገና ያው ገና ነው። ሲነበቡ ግን አንዱ ይላላል፣ አንዱ ይጠብቃል። አዲስ አንባቢ እዚህ ላይ ሲደናቀፍ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ወረቀቱ ስለማይነግረው ነው። ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቦ መመለስ አለበት።

ይህን ጉዳይ ከሁሉ ቀድመው የሚያነሡት ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ናቸው። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጻፈው ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል ነው። በቁቤ የሚጠብቅ ድምፅ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ስለዚህ በቁቤ የጀመሩት ወደ አማርኛው ሲመጡ «ማጥበቂያው የት አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። በየትኛው ቋንቋ መጀመር እንደሚሻል የሚመርጠው ተማሪው ነው። አፉን በፈታበት ቋንቋ የጀመረ ቶሎ ሲያነብ አይተናል። ከአስተማሪዎቹ አንዱ ቁቤ የሚያስተምረው ለዚህ ነው።

መነጽርና ይሉኝታ

አንድ ነገር ሁልጊዜ እናስተውላለን። አንዳንድ ሰው ሰሌዳ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ያነባል፤ ደብተሩ ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። ደብተሩን ከፊቱ ያርቃል፣ እጁን ይዘረጋል። ይህ የዕውቀት ጉድለት አይደለም። ሰው አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ዓይኑ የቅርቡን ማየት ይቸግረዋል። ለእርሻ፣ ለእረኝነት፣ ለጥበቃ የሩቁ ስለሚበቃ ሰውዬው ሳያውቀው ይኖራል። ፊደል ሲጀምር ነው የሚያውቀው። የንባብ መነጽር ካገኘ ነገሩ ያበቃል። ስለዚህ አዲስ ተማሪ «አልገባኝም» ሲለን በመጀመሪያ «ይታይዎታል?» ብለን እንጠይቃለን።

መነጽር ሌላም ጣጣ አለው። ማንበብ የማይችል ሰው ቢሮ ገብቶ ቅጽ ሲሰጠው «መነጽሬን ቤት ረስቼ መጥቼ ነው፤ አንተው ሙላልኝ» ይላል። ይህን ያልሰማ የለም። መነጽርም የለው፣ የረሳውም የለ። ይሉኝታ ነው። አንዱ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ «ጣቴን ቆርጦኝ ነው» ይላል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ወደ ትምህርት መጥራት የሚቻለው በአዳባባይ አይደለም። በር ላይ ማስታወቂያ መለጠፍም ዋጋ የለው፤ ማን ያነበዋል? እኛ የምንጠራው በሰው ነው። በእድር፣ በቡና፣ በሥራ ቦታ አንዱ ተማሪ ሌላውን ይዞ ይመጣል። ከመጣ በኋላም ማንንም ለብቻው አስነሥተን አናስነብብም። ሁለት ሁለት ሆነው ያነባሉ።

የሚያቋርጥም አለ። የጥበቃ ሠራተኛ ተረኛ ሲሆን አይመጣም። እንጀራ የምትሸጥ ሴት በበዓል ሰሞን አትመጣም። ልጅ ያዘለች እናት ልጁ ካተኮሰው አትመጣም። ሲመለሱ «የት ጠፍታችሁ ነበር?» ብለን አናፋጥጥም። ትምህርቱ ከቆመበት ይቀጥላል። አዋቂን ማስተማር ከበሬ ጋር እንደማረስ ነው፤ በሬው ሲያርፍ ታርፋለህ።

በወረቀት መቁጠር

ተማሪዎቻችን ስሌት አያውቁም የሚል ካለ ተሳስቷል። እንጀራ ሻጯ ለስንት ሰው በዱቤ እንደሰጠች፣ ማን ስንት እንደቀረበት፣ የጤፍ ዋጋ ሲጨምር በአንድ እንጀራ ላይ ስንት ሳንቲም እንደሚደርስ በራሷ ታሰላለች። ከኛ ትፈጥናለች። የጎደላት ወረቀቱ ብቻ ነው። ደንበኛዋ «ከፍያለሁ» ብሎ ሲከራከራት የምታሳየው ነገር የላትም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? አሁን ትንሽ ደብተር ይዛለች። የደንበኛው ስም፣ ቀኑ፣ ብሩ። ሦስት ዓምድ ብቻ ነው።

ከባዱ ስሌት ግን የመሬት ካሳ ነው። በኮዬ ፈጬ ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። ወደ እናንተም ቀዬ መንገድ ወይም ፋብሪካ ወይም ከተማ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ከኛ ጋር አስሉት።

ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። በዚያ አዋጅ መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀና ምትክ መሬት ያላገኘ ገበሬ፣ በመሬቱ ላይ ካለው ንብረት ካሳ ሌላ፣ የመፈናቀያ ካሳ ይከፈለው ነበር። ካሳው ባለፉት 5 ዓመታት በአማካይ ያገኘው የዓመት ገቢ 10 እጥፍ ነው። በኋላ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወጣ። በዚህኛው ደግሞ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ 15 እጥፍ ሆነ። ይህም አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ወጥቶለታል። ጉዳይ ያለው ሰው የሚሠራበትን አዋጅ ጠይቆ፣ ቁጥሩን ጽፎ ይያዝ።

ለመልመጃ ያህል አንድ ገበሬ በአምስት ዓመት እንዲህ አገኘ እንበል። በ1ኛው ዓመት 14,000 ብር፤ በ2ኛው 18,000፤ በ3ኛው 20,000፤ በ4ኛው 22,000፤ በ5ኛው 26,000። ሁሉንም ስትደምሩ 100,000 ይሆናል። ለ5 ስታካፍሉ 20,000 ነው። አማካይ ማለት ይህ ነው። 20,000 በ10 ሲባዛ 200,000 ብር ይሆናል። በሁለተኛው አዋጅ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛው 26,000 ነው። በ15 ሲባዛ 390,000 ብር ይሆናል። ያው ገበሬ፣ ያው መሬት ነው። «አማካይ» እና «ከፍተኛ» የሚባሉት ሁለት ቃላት ምን ያህል እንደሚራራቁ ያን ጊዜ ይታያል። ይህን ስሌት በሰሌዳ ላይ የሠራን ማታ ማንም ሰዓት አላየም።

በፌስታል የተጠቀለለው ወረቀት

ከተማሪዎቻችን አንዱ በፊት አርሶ አደር የነበሩ፣ ዛሬ የሕንፃ ጥበቃ የሆኑ ሰው ናቸው። ስማቸውን አንጽፍም። ገና ሲመጡ አንድ ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ይዘው መጡ። «ላንብብልዎት?» አልናቸው። «አይ፣ ይቆይ። ራሴ እስከማነበው ይቆይ» አሉ።

ቆየ። ቁጥር ተማሩ። ስማቸውን ተማሩ። በጥበቃ መዝገብ ላይ የሚገባ የሚወጣውን መኪና ሰሌዳ መጻፍ ጀመሩ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ማታ ፌስታሉን ፈቱ። ጣታቸውን ከቃል ቃል እያሻገሩ ማንበብ ጀመሩ። ስማቸውን አገኙ። የአባታቸውን ስም አገኙ። የመሬቱን ስፋት በካሬ ሜትር አገኙ። እሳቸው የሚያውቁት በጥማድ ነው፤ አንድ ጥማድ ብዙ ጊዜ እንደ ሩብ ሄክታር፣ ማለት 2,500 ካሬ ሜትር፣ ተደርጎ ይታሰባል። አካፍለው አዩት። ገንዘቡንም አዩ። ከሥር ሁለት መስመር ቀርቶ ነበር። «ቅሬታ የሌለኝ መሆኑን በአሻራዬ አረጋግጣለሁ» ይላል። ሰማያዊው የጣታቸው ምልክት ከጎኑ አለ።

ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ «ይቺን ያነበበልኝ የለም» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ወረቀቱን አጥፈው ወደ ፌስታሉ መለሱት። በማግሥቱ ነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ቦታ አንዳችን ይዘናቸው ሄድን። የቆየ ጉዳይ ስለሆነ መልሱ ጊዜ ይወስዳል። እኛም የሕግ ሰዎች አይደለንም።

ሆኖም ስለ ውልና ስለ አሻራ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ለሁሉም ይጠቅማል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል በተዋዋዮቹ መፈረም፣ ሁለት ምስክሮችም ማረጋገጥ አለባቸው ይላል፤ ይህ ቁጥር 1727 ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 1728 መፈረም የማይችል ሰው የጣት ምልክት ሊያደርግ እንደሚችል ይገልጻል። ነገር ግን የዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ ሥልጣን ባለው የውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። በከተማ ይህን ሥራ የሚሠራውን መሥሪያ ቤት ሰው «ውልና ማስረጃ» ብሎ ይጠራዋል። የካሳ ወረቀት ሁሉ ውል ነው አንልም፤ ያን የሚለየው የሕግ ባለሙያ ነው። የቤት ሽያጭ፣ ብድርና ኪራይ ግን ውል ናቸው። ማንም «እዚህ ጋ ጣትዎን ያሳርፉ» ሲላችሁ «መጀመሪያ ይነበብልኝ» ማለት መብታችሁ ነው። «ቅጂውን ስጡኝ» ማለትም ያስፈልጋል።

ጡረተኛው መምህራችን እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ የ1971ን ዘመቻ ያስታውሳሉ። ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር እሳቸው ወጣት አስተማሪ ነበሩ። «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» የሚባልበት ጊዜ ነበር። ትምህርቱ መጀመሪያ በ5፣ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። መምህሩ ግን ስለ ሽልማቱ ብዙ አያወሩም። የሚያወሩት በኩራዝ ብርሃን ፊደል ቆጥረው ምስክር ወረቀት ስለተቀበሉ፣ በኋላ ግን የሚነበብ ነገር አጥተው ስለረሱ ገበሬዎች ነው። «ፊደል እንደ ማረሻ ነው፤ ካላረስክበት ይዝጋል» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የተደረገው የዩኔስኮ ግምት በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው 15ና ከዚያ በላይ ከሆኑት ከ100 ሰዎች ማንበብና መጻፍ የሚችሉት 52 ያህሉ መሆናቸውን ያሳያል። ስለዚህ በየሳምንቱ እንዲህ ያለ የሚነበብ ገጽ እጃችሁ ሲገባ ጮክ ብላችሁ ለቤተሰብ አንብቡት።

ፊርማ ለተማረ ሰው

በመጨረሻ አንድ ጠቃሚ ነገር እንንገራችሁ። ስሙን መጻፍ የተማረ ሰው ወዲያው ፊርማ ይፈልጋል። አንዳንዱ ሲፈርም ብዙ ይጠማዝዛል፤ ነገ ያንኑ መድገም ያቅተዋል። ፊርማ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ስማቸውን በግልጽ ጽፈው ከሥሩ አንድ መስመር እንዲያሰምሩ እናደርጋለን። በደብተር ላይ ደጋግመው ይለማመዱታል።

ባንክ ሒሳብ ሲከፍት በአሻራ የተመዘገበ ሰው ፊርማ ስለተማረ ብቻ በፊርማ ገንዘብ ማውጣት አይችልም። ባንኩ የሚያውቀው አሻራውን ነው። መታወቂያውንና የባንክ ደብተሩን ይዞ ሒሳቡን ወደ ከፈተበት ቅርንጫፍ ሄዶ «ከአሻራ ወደ ፊርማ መቀየር እፈልጋለሁ» ማለት አለበት። ቅጽ ይሰጠዋል። በቅጹ ላይ በባንኩ ሠራተኛ ፊት ይፈርማል።

ባለፈው ወር ሦስት ተማሪዎቻችን ለዚሁ ጉዳይ አብረው ሄዱ። አንዷ እንጀራ ሻጯ ነበረች። ተራዋ ሲደርስ ሠራተኛዋ እንደ ልማዷ የቀለሙን ሳጥን ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት። እንጀራ ሻጯ ሳጥኑን መልሳ ገፋችውና «እስክሪብቶ ስጪኝ» አለች።